እህቴ ቮሊቦል ተጫዋች ናት፣ ጉልበቷን ያማታል፤ ክረምቱን ዝም ብላ ትረፍ ወይስ ፊዚዮቴራፒ ትጀምር? (ሀዋሳ)

ታላቅ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሀዋሳ ነው። ታናሽ እህቴ 17 ዓመቷ ነው፣ 11ኛን ጨርሳ ወደ 12 አልፋለች። ለትምህርት ቤቷም ለሰፈራችን ቡድንም ቮሊቦል ትጫወታለች። አጥቂ ስለሆነች ዝላዩ ሁሉ እሷ ላይ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ቀኝ ጉልበቷን ያማታል። አልወደቀችም፣ እግሯም አልዞረባትም፣ ቀስ እያለ የመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚሰማት ከጨዋታ በኋላ ብቻ ነበር፣ አሁን ግን ደረጃ ስትወርድም ፊቷ ጭምድድ ይላል። የቱ ጋ ነው ስላት ከጉልበቷ ሎሚ ዝቅ ብሎ ያለውን ቦታ በአንድ ጣቷ ታሳየኛለች።

አንድ ክሊኒክ ወስጃት ራጅ ተነሳች። አጥንቷ ደህና ነው ተባለ፣ ዳይክሎፌናክ ተወጋች፣ ክኒን ተሰጣት፣ በቃ። ለጥቂት ቀን ተሻላትና ልምምድ ስትጀምር ያው ሆነ። አሰልጣኟ ክረምቱን ሙሉ ኳስ እንዳትነኪ፣ መስከረም ላይ ድነሽ ነይ ብሏታል። እናታችን ወጌሻ ጋ ውሰጃት ትለኛለች። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ፊዚዮቴራፒ ስትሮክ ለመታቸው ሰዎች ነው እንጂ ለልጅ እግር ምን ያደርጋል አሉኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ክረምቱን ዝም ብላ ብታርፍ ይድናል ወይ? ካልሆነ ምን ታድርግ? ገንዘባችን ብዙ አይደለም፣ በየቀኑ እየተመላለስን መክፈል አንችልም። ከሐምሌ ጀምሮ ማጠናከሪያ ትምህርትም አላት። ልጅቷ ኳሱን በጣም ነው የምትወደው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታም መጫወት ትፈልጋለች፣ ለዚህም ነው ሲያማት ደብቃ የምትጫወተው። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ፊዚዮ ከአቶቴ

እህቴ፣ በጥሩ ሰዓት ነው የጠየቅሽው። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ የምሠራውም እዚሁ ሀዋሳ ነው። እንደ እህትሽ ያሉ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ወደኛ የሚመጡት ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ፣ ውድድር ውስጥ ገብተው፣ ህመሙ አላስችል ሲላቸው ነው። ያኔ ደግሞ ልጁም አሰልጣኙም ማረፍ የሚለውን ቃል መስማት አይፈልጉም። ክረምት ላይ ጊዜ አለ። ይሄን ጊዜ አታባክኑት።

ጎረቤታችሁ ያሉት ከየትም የመጣ አይደለም፣ ስትሮክ የመታቸው ብዙ ታካሚዎች እናክማለን። ግን የስፖርት ጉዳትም የሙያው ትልቅ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ጉልበቷ። ሳላያት ይሄ ነው ብዬ አልፈርድም። ነገር ግን የምትዘል ልጅ፣ ምንም ሳትወድቅ ቀስ ብሎ የመጣ፣ በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ቦታውም ከሎሚው በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚታመመው ሎሚውን ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ነው። ራጁ ደህና መሆኑ አይግረምሽ። ራጅ በደንብ የሚያሳየው አጥንትን እንጂ ጅማትን አይደለም። ህመሙ ሎሚውን ዙሪያውን የሚያዳርስና ብዙ ተቀምጣ ስትቆይ የሚብስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ሥራውም ትንሽ ይለያል። ከሷ የሚያንሱ ልጆች ደግሞ፣ 12፣ 13 ዓመት አካባቢ ቁመት ሲመዙ፣ ከጉልበት በታች ቅልጥሙ ላይ ጎበጥ ያለችው አጥንት ላይ ያማቸዋል፣ እሱ እድገታቸው ሲያልቅ በአብዛኛው ይተዋቸዋል። ለዚህ ነው በእጁ ነክቶ፣ አስነስቶና አስቀምጦ የሚመረምር ባለሙያ ጋ ቢያንስ አንዴ መቅረብ ያለባት።

እረፍት ብቻውን ህመሙን ያስተኛዋል፣ ጅማቱን ግን አያጠነክረውም። ጅማት የሚጠነክረው ልኩን ያወቀ ጭነት ሲያገኝ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ቁጭ ብላ መስከረም ላይ ስትመለስ ህመሙ ጠፍቶላታል፣ ግን የጭኗ ጡንቻ ሳስቷል፣ ጅማቱም ከበፊቱ ደክሟል፣ እንዲህ ሆና ነው እንግዲህ በመጀመሪያው ሳምንት መቶ ጊዜ የምትዘለው። ከዛ ያው ቦታ ተመልሳ ትገኛለች። ይሄን በየዓመቱ ነው የማየው፣ በጣምም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ልጆቹ የተባሉትን በትክክል አድርገው ነው የሚመለሱት።

ስለዚህ መዝለሉን ታቁም፣ እግሯን ግን ታሠራው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ ወንበር ላይ የተቀመጠች ያህል ዝቅ ትበል። እስከ ታች መውረድ የለባትም፣ ግማሽ ድረስ ይበቃል። እዛው 45 ሰከንድ ያህል ትቆይ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ትረፍ፣ 5 ጊዜ ትድገመው። ጭኗ ይንቀጠቀጣል፣ ችግር የለውም። ብዙ ሰው ላይ ይሄ ብቻውን ህመሙን ቀለል ያደርገዋል። ህመሙ ሲረጋጋ ወደ ቁጭ ብድግ ትለፍ፣ ግን በጣም በቀስታ፣ ሦስት ሰከንድ ወደ ታች ሦስት ሰከንድ ወደ ላይ። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ከዛ አንዱን እግር ወደ ፊት አድርጋ፣ በኋላ ደግሞ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆማ በአንድ እግር ዝቅ እያለች። 15 ጊዜ ያለ ችግር ስትሠራ ክብደት ጨምሩላት። ጂም አያስፈልግም፣ ቦርሳዋን መጽሐፍ ሙሉላት ወይም ውሃ የሞላ ጀሪካን ትያዝ። ክብደቱ ሲጨምር ቁጥሩን ቀንሱት፣ ወደ 10፣ ወደ 8። ይሄን ከባዱን ሥራ ቀን እያሳለፈች በሳምንት ሦስቴ ብቻ ትሥራ፣ ጅማት ከሥራ በኋላ የሚያገግምበት ጊዜ ይፈልጋል። ተረከዝ ማንሳትና በጀርባ ተኝቶ ወገብ ማንሳትም ጨምሩበት፣ ከዝላይ ስታርፍ ጉልበቷ ላይ የሚያርፈውን ጫና ባቷና መቀመጫዋ ያግዙታል።

ህመሙን ከ10 ትስጠው። 0 ማለት ምንም፣ 10 ማለት የማይቻል። እየሠራች እስከ 3 ቢሰማት ትቀጥል። በማግስቱ ጠዋት ደረጃ ስትወርድ ከትናንቱ ከባሰባት ግን በዝቶባታል ማለት ነው፣ ቀንሱላት። ደብተር ላይ ትጻፈው። ደብቃ የምትጫወት ልጅ ናት ስላልሽ ነው ይሄን የምለው። ቁጥር ስትጽፍ ለራሷም ይታያታል።

መዝለል የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ በአንድ እግር ቁጭ ብድጉን ያለ ህመም ስትጨርስ። እንዲህ ያለ ጅማት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ላይ ከዛም በላይ። ከሰኔ ማብቂያ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ባይበቃም አብዛኛውን መንገድ ያስኬዳታል።

ስለ ገንዘብ። በየቀኑ መመላለስ አያስፈልጋችሁም። አንድ ጥሩ ምርመራ፣ ከዛ በሁለት ሳምንት አንዴ እየታየች ሥራው ይጨመርላት፣ ቀሪው ቤት ውስጥ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር ይዛችሁ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሂዱ። ጤና ጣቢያውን ዘላችሁ ብትሄዱ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ማሽን ሥር ብቻ አስተኝቶ የሚልካችሁ ቦታ ካጋጠማችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን እዛ አትጨርሱ። ሙቀቱም ንዝረቱም ለጊዜው ደስ ይላል፣ እግሯን ግን አያጠነክርም።

ዳይክሎፌናኩን አትደጋግሙት። ህመሙን አፍኖ እንድትዘል ያደርጋታል፣ ሲበዛም ለጨጓራና ለኩላሊት ጥሩ አይደለም። ጅማቱ ላይ ስቴሮይድ እንውጋት የሚል ካለ እምቢ በሉ፣ ጅማቱን ሊያዳክመው ይችላል። ጉልበቷ ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ ስትራመድ ከከዳት፣ ትኩሳት ካላት ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ህመም ከመጣ ይሄን ሁሉ ተዪውና ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰጃት።

የመናኸሪያ ልጅ

ፊዚዮው ያለው እንዳለ ሆኖ ወጌሻን አትናቁ። እኔ ኳስ ስጫወት ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ አንድ አባት ናቸው አሽተው ያቆሙኝ። ትልልቅ ክለቦችም ወጌሻ አላቸው፣ ሰው ሲወድቅ ቦርሳ ይዘው የሚሮጡት እነሱ ናቸው። እናትሽን ስሚ።

ፊዚዮ ከአቶቴ

ወንድሜ፣ አልናቅኩም። ብዙ ቦታ ላይ ቶሎ የሚደረስባቸው እነሱ ናቸው፣ ሰውም ያምናቸዋል። እሽታ የደከመ ጡንቻን ያፍታታል፣ እናትየው ደስ እንዲላቸው ጭኗንና ባቷን ቀስ ብለው ቢያሹላት አልቃወምም። የታመመውን ጅማት በኃይል መጫን፣ ጉልበቱን መጎተትና ማንቋቋት ግን አይሆንም። ክለብ ውስጥ ያሉትም ቢሆኑ ሜዳ ላይ ፈጥኖ መርዳት አንድ ሥራ ነው፣ ወራት የሚፈጅ ጅማት ማጠንከር ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ከሁሉም የምፈራው ማሰሩን ነው። ስብራት ነው ተብሎ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ደም መዘዋወሪያ አጥቶ፣ እጅ ወይ እግር እስከ መቆረጥ የደረሰ ልጅ በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቀ ነገር ነው። የታሰረ እግር ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይ ከደነዘዙ ነገ አይባልም። ወዲያው ይፈታ፣ ሆስፒታል ይኬድ።

ያንተ ቁርጭምጭሚት አሁንም አልፎ አልፎ የሚዞርብህ ከሆነ ክረምቱን አንተም ተጠቀምበት። አንዴ የዞረ ቁርጭምጭሚት ዳግም የመዞር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፣ ሚዛን መጠበቂያ ልምምድ ደግሞ ይሄን በደንብ ይቀንሳል። ጥርስህን ስትቦርሽ በአንድ እግር ቁም። ሲቀልህ ዓይንህን ጨፍን፣ ከዛ ትራስ ላይ ቆመህ ሞክር።

የስፖርት መምህሩ

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ስፖርት አስተምራለሁ። ፊዚዮው የተናገረውን ሁሉ እደግፋለሁ፣ እኔ ግን ከሜዳው በኩል ያለውን ልጨምር።

ልጅቷ ለትምህርት ቤትም ለሰፈርም ትጫወታለች ብለሻል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። እያንዳንዱ አሰልጣኝ የሚያየው የራሱን ልምምድ ብቻ ነው። ሰኞና ረቡዕ እዚህ ዘላለች፣ ማክሰኞና ሐሙስ እዛ ዘላለች፣ ቅዳሜ ጨዋታ አላት። ድምሩን የሚይዝ ሰው የለም። ጎበዝ የሆኑት ልጆች ናቸው ደግሞ ሁሉም ቡድን የሚሻማቸው፣ ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። አንቺ ያዥላት። በሳምንት ስንት ቀን ዘለለች የሚለውን ብቻ ጻፊ፣ ሌላ ምንም አይፈልግም።

ወንዶቹ ላይማ ክረምት የእረፍት ጊዜ ነው ማለት ራሱ ያስቸግራል። ትምህርት ሲዘጋ የክረምት ውድድር ይጀመራል። ጠዋት አንድ ሜዳ፣ ከሰዓት ሌላ ሜዳ፣ በጭቃ ላይ፣ ያለ ማሟሟቂያ፣ ለዋንጫ። ዓመቱን ሙሉ ሀምስትሪንጉን (ከጭን ኋላ ያለውን ጡንቻ) ሲያመው የከረመ ልጅ ነሐሴ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀደድበታል። አትጫወት ብዬ ማስቆም አልችልም፣ ጓደኞቹ እዛ ናቸው። አንዱን ቡድን ብቻ ምረጥ እለዋለሁ። ማሟሟቂያውን ደግሞ አልተውለትም። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው 20 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፣ ሩጫ፣ ማጠንከሪያ፣ ሚዛን፣ ዝላይ፣ ውድ ዕቃ አይፈልግም። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ የሚሠሩት ቡድኖች ላይ ጉዳት እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ውስጡ ተንበርክኮ፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚት ይዞ፣ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ በቀስታ ወደ ፊት መውረድ የሚባል አለ፣ ለሀምስትሪንግ ከሱ የተሻለ አላየሁም።

ወደ እህትሽ ስመለስ፣ ከመስከረም በፊት አሰልጣኟን ሄደሽ አናግሪው። ክፉ ሰው አይመስለኝም፣ እረፊ ያላትም ለሷ አስቦ ነው። የፊዚዮውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ሰርቭ ትመታለች፣ ኳስ ትቀበላለች፣ ከኋላ ሆና ትከላከላለች፣ አጥቅቶ መዝለሉ ግን በቁጥር ይሁን በለው። ዛሬ 20 ከዘለለች ነገ አትዘልም። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ይጨመር። ሜዳው ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያ ዝላዮቿን ሣር ወይ አፈር ላይ ትጀምር።

ሯጯ

መምህር ያሉት እውነት ነው። እኔ ሴቶቹን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ማንም አያነሳውም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ መካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበርኩ።

የወር አበባዋ በሰዓቱ ይመጣል ወይ ብለሽ ጠይቂያት። ብዙ ሴት አትሌቶች ሲቀርባቸው ልምምድ ስለበዛ ነው ብለው ያልፉታል፣ አንዳንዷም እፎይ ትላለች። ግን ሰውነት የምበላው ለምሠራው አልበቃኝም እያለ ነው። ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ ጡንቻም ጅማትም ቶሎ አያገግምም። ለሦስት ወር ተከታታይ ከቀረባት ሐኪም ጋ መሄድ አለባት። ይሄን ደግሞ ለወንድ አሰልጣኝ አትነግረውም፣ ለእናትም ላታወራ ትችላለች። ታላቅ እህቷ ስለሆንሽ አንቺ ነሽ የምታወሪያት።

ሌላው የቅልጥም ህመም ነው፣ ለሚሮጡት። ቅልጥሙን ከላይ እስከ ታች የሚያምና ሰውነት ሲሞቅ ቀለል የሚል ከሆነ ሩጫውን ቀንሶ፣ ባትን አጠንክሮ ይስተካከላል። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ጣት ሲያርፍበት የሚያስጮህ፣ በሮጡ ቁጥር የሚብስ፣ ተኝተውም የማይተው ከሆነ ግን አጥንቱ ሊሰነጠቅ እየጀመረ ሊሆን ይችላል። በዛ ላይ መሮጥ አደገኛ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይም ይችላል። አብራኝ ስትሮጥ የነበረች ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ሙሉ ዓመት ከሜዳ ርቃለች፣ ሲያማት እየነገረቻቸው ነበር፣ የሰማት ግን አልነበረም። እባካችሁ ልጆቹ ያመኛል ሲሉ ሰነፍ አትበሏቸው።

ታላቅ እህት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር እርስዎንም በጣም አመሰግናለሁ። የወር አበባውን ጠየቅኳት፣ ደህና ነው። አፍራ ነበር፣ ከዛ ብዙ አወራን። የግድግዳውን ሥራ ትናንት ጀመረች፣ ህመሙን 2 ብላ ጻፈች።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ፍልሰታ ትጾማለች፣ ጡንቻ መገንቢያው ጊዜ ላይ ስለሆነ ምን ትብላ? ሁለተኛ፣ ትንፋሿ እንዳይጠፋ ምን ትሥራ? ታቦር ተራራ እየወጣሁ ልውረድ ትለኛለች። አንዱ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ትዋኝ፣ ለጉልበት ጥሩ ነው ብሎኛል። ሦስተኛ፣ መስከረም ላይ ድናለች የምንለው በምን አውቀን ነው?

ፊዚዮ ከአቶቴ

2 በጣም ጥሩ ነው፣ ጠዋት ላይም ታረጋግጥ።

ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው፣ ሐምሌ ላይ ከጾም ቀናት ውጪ እንቁላልና ወተት ታገኛለች፣ ሲገኝም ዓሣ ትብላ፣ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ቅርባችን ነው። በጾሙ ጊዜ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ በየማዕዱ አንዱ አይቅርባት፣ መጠኑንም ከወትሮው ጨምሩት። እንጀራው በዝቶ ወጡ ሳሳ ሲል ነው ችግሩ። እስከ ቅዳሴ መውጫ የምትጾም ከሆነ ከባዱን የእግር ሥራ ከበላች በኋላ ታድርገው፣ በባዶ ሆድ አይሁን።

ለትንፋሽ ብስክሌት ትንዳ። ከተማችን ሜዳ ነው፣ ብስክሌት የሌለበት ሰፈርም የለም፣ ወደ ማጠናከሪያ ትምህርቱ በዛው ትሂድ። መቀመጫውን ከፍ አድርጉላት፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቷ ትንሽ ብቻ ይታጠፍ። ዝቅ ካለ ጉልበቷን ያስጨንቀዋል። ታቦርን ለጊዜው ትተወው። መውጣቱ ባልከፋ፣ ጉልበትን የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀስ ብላ ትሞክረው።

ሐይቁ ውስጥ አትዋኝ። ጉማሬ አለ፣ ቢልሃርዚያም አለ። ዋና ጥሩ ስፖርት ነው፣ ገንዳ ካገኘች ትዋኝ፣ ካላገኘች ብስክሌቱ ይበቃታል።

መዳኗን በቀን መቁጠሪያ አትለኩት። ደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር ዝቅ ስትል ቀኙና ግራው እኩል ቁጥር መሥራት አለባቸው፣ ወይ በጣም ተቀራራቢ። ከዛ በአንድ እግር ወደ ፊት ዘላ ያረፈችበትን በሜትር ለኩ፣ የታመመው እግር ከደህናው ቢያንስ 90 በመቶ ይድረስ። ከዝላይ ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይታጠፋል ወይ የሚለውን በስልክ ቪዲዮ ከፊት ለፊት ቅረጿት። ይሄ ሁሉ ሆኖ በማግስቱ ካላመማት መምህሩ ባሉት መንገድ በቁጥር ትመለስ። የማጠንከሪያ ሥራውን ግን ውድድር ሲጀመርም በሳምንት ሁለቴ ትቀጥል። ብዙ ልጆች ህመሙ እንደጠፋ ይተውታል፣ ከጥቂት ወር በኋላም ይመለሳል።

ለምርመራ ስትሄዱ የምትጫወትበትን ጫማና የራጁን ፊልም ይዛችሁ ሂዱ። ቁምጣም ትልበስ ወይ ትያዝ፣ ባለሙያው ሁለቱንም ጉልበቷን ከጭኗ ጀምሮ ማየት አለበት።